ኮምፒውተሩ አይበላሽም፣ ፋይሉ ግን ይጠፋል

ለስድስት ዓመት የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ሰርቻለሁ። ቤቱ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ስለነበር ግንቦትና ሰኔ ሲደርስ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ እስከ ደጅ ድረስ ይሰለፋል። በሌላው ጊዜ ደግሞ ማመልከቻ የሚያስጽፉ እናቶች፣ ሲቪ የሚያሰሩ ልጆች፣ የእድር ደብዳቤ ይዘው የሚመጡ አባቶች አይጠፉም። በእነዚያ ዓመታት ፊቴ ቆሞ ያለቀሰ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ያስለቀሳቸው ሁሌም የጠፋ ፋይል ነው። ማሽን ተበላሸብኝ ብሎ ያለቀሰ አንድም ሰው አላስታውስም። ጀማሪ ግን የሚፈራው ማሽኑን ነው፤ ፋይሉ የት እንዳለ እንኳን አይጠይቅም። ስለዚህ በየቀኑ ስሰማቸው የነበሩትን የተሳሳቱ አባባሎች ላንሳቸው። የማወራው ዊንዶውስ ስለተጫነበት ዴስክቶፕ ነው፤ ቢሮም ቤትም የሚበዛው እሱ ነው።

«ነካክቼ አበላሸዋለሁ»

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። የሚፈራ ሰው አይለማመድም፣ ያልተለማመደ ደግሞ እጁ አይፈታም። ልጃቸው ኮምፒውተር የገዛችላቸው አንድ ጡረተኛ አባት ሊለማመዱ እኛ ቤት ይመጡ ነበር። ማውሱን የሚይዙት እንቁላል እንደያዘ ሰው፣ በሁለት ጣታቸው ነው። «ልጄ፣ ይሄን ብነካው ምን ይሆናል?» ይሉኛል። «ጋሼ፣ ይንኩትና እንየው» አልኳቸው። ነኩት፤ አንድ ሜኑ ወረደ። ደነገጡ። ኪቦርዱ ላይ በግራ በኩል ከላይ ጥጉ ላይ ያለውን ኢስኬፕ አስነካኋቸው፤ ሜኑው ተመልሶ ገባ። ከዚያ አንድ ሙሉ አንቀጽ መርጠን ሆን ብለን አጠፋነው። ኮንትሮልን ይዘው ዜድን ሲጫኑ አንቀጹ ከች አለ። ሦስት ጊዜ አጥፍተው ሦስት ጊዜ መለሱት። ከዚያ ቀን በኋላ ማውሱን በሙሉ መዳፋቸው ነው የያዙት።

እውነታው ይሄ ነው፦ ቁልፍ በመጫን ኮምፒውተር አይቃጠልም። እንደ ፎርማት (ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ መጥረግ) ያለ ከባድ ነገር ልታደርጉ ስትሉ ዊንዶውስ ራሱ መጀመሪያ ይጠይቃችኋል። ጥያቄው ካልገባችሁ «የስ» አትበሉ፣ «ካንስል» በሉና ሰው ጠይቁ። ማሽኑን የሚጎዳው ሌላ ነው፤ ኪቦርድ ላይ የተደፋ ሻይ፣ ሳጥኑ ውስጥ የተጠራቀመ አቧራ፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል መብራት።

«ስክሪኑን ስላጠፋሁት ኮምፒውተሩ ጠፍቷል»

አልጠፋም። ሞኒተሩ ማሳያ ብቻ ነው። ሥራው ያለው ሁላችንም «ሲፒዩ» የምንለው ሳጥን ውስጥ ነው። (እውነተኛው ሲፒዩ እንኳን ሳጥኑ አይደለም፤ ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ቺፕ ነው። ግን ገበያ ሄዳችሁ «ሲፒዩ ስንት ነው?» ብትሉ የሚያወጡላችሁ ሳጥኑን ነው፣ ስለዚህ ስሙ ላይ አልከራከርም።) ሞኒተሩን ብቻ አጥፍቶ ቤቱ የሚሄድ ሰው ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሠራው ነው የሚያድረው። ስታርት፣ ከዚያ ፓወር፣ ከዚያ ሻት ዳውን፤ ሳጥኑ ላይ ያለው መብራት እስኪጠፋ ጠብቁና ከዚያ ሶኬቱን ማጥፋት ትችላላችሁ።

ሃንግ ሲያደርግ ሶኬት መንቀልም እንደዚሁ ልማድ ሆኗል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ደቂቃ ታገሱት፤ ብዙ ጊዜ ሥራ በዝቶበት ነው። ካልተመለሰ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ አልታዘዝ ያለውን ፕሮግራም መርጣችሁ «ኤንድ ታስክ» በሉት። ያም እምቢ ካለ ብቻ የማብሪያ ቁልፉን አምስት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት።

«የጻፍኩትማ እዚያው አለ፣ ይታየኛል»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ፣ ብዙ እንባ የፈሰሰው እዚህ ነው።

ስትጽፉ ጽሑፉ መጀመሪያ የሚቀመጠው ራም የሚባለው ቦታ ላይ ነው። ራም የሚሠራው መብራት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መብራት እልም ሲል ራም ላይ ያለው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ሴቭ ስታደርጉ ነው ጽሑፉ ወደ ሃርድ ዲስኩ የሚወርደው፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ መብራት ኖረም አልኖረም የያዘውን አይለቅም። ስክሪን ላይ ስለታየ ተቀምጧል ማለት አይደለም። ሰሌዳ ላይ የተጻፈና ደብተር ላይ የተገለበጠ እንደሚለያየው ማለት ነው።

አንዲት ልጅ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምራ የሪሰርቿን ምዕራፍ አራት እኛ ቤት ስትጽፍ ዋለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ርዕሱ ላይ «ዶክዩመንት 1» እንደሚል ጠዋት አይቼ ነበር፤ ያ ማለት አንድም ጊዜ ሴቭ አልተደረገም ማለት ነው። ለምን ያኔውኑ እንዳልነገርኳት ዛሬም ይቆጨኛል። መብራት ሲመጣ የምትጽፍበት ፕሮግራም፣ ዎርድ፣ ከፊሉን መለሰላት፤ ዎርድ ራሱ በየ10 ደቂቃው ለአደጋ ጊዜ የሚይዘው ቅጂ ስላለ። ግን እሱ ሁሌም አይገኝም፣ ተማምናችሁ አትቀመጡ።

ፋይሉን ገና ባዶ እያለ ስም ሰጥታችሁ ሴቭ አድርጉት። ከዚያ በየአንቀጹ መጨረሻ ኮንትሮልና ኤስ። ከለመዳችሁት ጣታችሁ ራሱ ያደርገዋል። አቅም ካለ ዩፒኤስ ግዙ፤ መብራት ሲሄድ በባትሪው ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል። ያቺ ደቂቃ ሴቭ አድርጎ በሥርዓቱ ለማጥፋት ናት፣ ሥራ ለመቀጠል አይደለም። ተራ ኤክስቴንሽን ደግሞ ሶኬት ከማብዛት በቀር ከምንም አያድንም።

«ሴቭ አድርጌዋለሁ፣ የት እንደሆነ ግን አላውቅም»

ይሄን የሚሉት «ጠፋብኝ» ብለው ነው። አልጠፋም፣ እዚያው አለ። ሴቭ ሲሉ የሚመጣውን መስኮት ሳያነቡ ኢንተር ስለሚሉ ነው። ያ መስኮት ሁለት ነገር ነው የሚጠይቃችሁ፦ ስሙ ማን ይባል፣ የት ይቀመጥ። ስሙን «ዶክ 3» ሳይሆን «የቤት ኪራይ ውል ጥር» ዓይነት ስጡት። የጠፋ የመሰላችሁን ለማግኘት ዎርድን ክፈቱና ፋይል፣ ከዚያ ኦፕን በሉ፤ በቅርብ የከፈታችኋቸውን ይዘረዝርላችኋል።

«ዴስክቶፕ ላይ ካለ አይጠፋም» የሚለውንም እዚሁ ላንሳው። ዴስክቶፕ የተለየ ቦታ ይመስላል እንጂ ሲ በሚባለው ድራይቭ ውስጥ ያለ አንድ ፎልደር ነው። ኮምፒውተራችሁን ለጥገና ሰጥታችሁ ባለሙያው ዊንዶውስ ልጫን ብሎ ሲን ፎርማት ካደረገው፣ ዴስክቶፑና ዶክዩመንትስ ፎልደሩ አብረው ይጠረጋሉ። ሳትሰጡ በፊት አውጡት፤ «ዴስክቶፕ ላይ ፋይል አለኝ» ብላችሁም በአፋችሁ ንገሩት።

«እኔ ዲ ላይ ነው የማስቀምጠው» የሚሉ ደግሞ አሉ። ከፎርማት ያድናችሁ ይሆናል። ግን በብዙ ኮምፒውተር ላይ ሲ እና ዲ አንድ ሃርድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ እንዳሉ ሁለት ክፍሎች። ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም ይሞታሉ። ሁለተኛው ቅጂ ከሳጥኑ ውጭ መሆን አለበት። ፍላሽ ይሁን፣ ጉግል ድራይቭ ይሁን (15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል)፣ ካልሆነም ለራሳችሁ ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ላኩት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

«ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጌ ነው የመጣሁት»

ይሄን ብሎ የመጣ ልጅ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን ፈታኞቹ ፊት ሊያቀርብ አንድ ሰዓት ቀርቶታል፣ ሱፍ ለብሷል፣ ጽሑፉ አምስት ኮፒ ተጠርዞ መግባት አለበት። ፍላሹን ሰካሁት። የፋይሉን አይኮን ሳየው ልቤ ወረደ። ከአይኮኑ ግርጌ በግራ በኩል ትንሽዬ ቀስት አለች። መጠኑን አየሁት፤ 2 ኪሎ ባይት። መቶ ገጽ ከነፎቶው 2 ኪሎ ባይት አይሆንም።

ያቺ ቀስት «ሾርትከት» ማለት ናት። ሾርትከት ፋይሉ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም አድራሻ ነው እንጂ ፋይሉ አይደለም። የጎረቤትን አድራሻ ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝ ጎረቤቱን ይዞ መምጣት አይሆንም አይደል? ልጁ ከቤቱ ኮምፒውተር ይዞ የመጣው አድራሻውን ነው። ፋይሉ ኮተቤ ቤቱ ቁጭ ብሏል። ደግነቱ እህቱ ቤት ነበረች። በስልክ እየመራናት አይኮኑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» አለች፤ ዋናው ፋይል ተገኘ፣ በቴሌግራም ላከችው። አምስቱንም ኮፒ ጠርዘን በታክሲ አሳፈርነው።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ፍላሹን ክፈቱና ፋይሉን ከዚያው ከፍላሹ ላይ ክፈቱት። ቀስት ካለው አትውጡ። ከተቻለም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት፣ ቤታችሁ ላይ ሾርትከቱም ስለሚከፈት ሊሸውዳችሁ ይችላል።

«ፍላሼን ቫይረስ በላው፣ ፎርማት አድርግልኝ»

ቆይ፣ አትቸኩሉ። ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ስታዩ ፋይሉ ተበላ ማለት አይደለም። ይሄ ዓይነቱ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው የሐሰት ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ያንን ስትጫኑ እሱ ይነሳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ በሉ። 3 ጊጋ ተይዟል ካለ እና የምታዩት ሾርትከቶች ብቻ ከሆኑ፣ ፋይላችሁ ውስጥ ነው፤ ተደብቋል። ሾርትከቶቹን አትክፈቱ። በአንቲቫይረስ አስጠርጉት፣ ከዚያ ቪው ውስጥ ገብታችሁ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። አሁንም ካልታየ የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰዱት። ፎርማት የመጨረሻው ነው።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ላሳልፋቸው።

የጠፋ ፋይል ሁሉ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አለ የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከኮምፒውተሩ የጠፋ ብዙውን ጊዜ እዚያ ይገኛል፤ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ሪስቶር» ትላላችሁ። ከፍላሽ ላይ ያጠፋችሁት ግን እዚያ አይገባም፣ በዚያው ይሄዳል። ሺፍትን ይዛችሁ ያጠፋችሁትም እንደዚያው።

ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ «ሪፍሬሽ» ደጋግሞ ማለት ኮምፒውተሩን አያፈጥነውም። አይኮኖቹን እንደገና ይሥላል፣ ያ ብቻ ነው። ካዘገመባችሁ የማትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ዝጉ፤ መዝጋት ማለት ኤክሷን መጫን ነው፣ ሰረዟን ስትጫኑ ከታች ተኝቶ ይቆያል እንጂ አይዘጋም። ሪስታርት ማድረግም ይረዳል።

ፕሪንተሩ ዝም ሲል ፕሪንት፣ ፕሪንት፣ ፕሪንት ማለትም ጥሩ አይደለም። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ያለቀው ወረቀት ሲገባለት ሁሉንም በተራ ያወጣዋል። አንዴ እዘዙና ወረቀቱን፣ ገመዱን፣ የተመረጠው ፕሪንተር ትክክለኛው መሆኑን እዩ።

«አማርኛ ለመጻፍ ልዩ ፎንት ከሌለ አይሆንም»

በፊት እውነት ነበር። የዱሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የሚሠሩት የእንግሊዝኛ ፊደል መልኩን ቀይረው የእኛን ፊደል በማልበስ ነበር። ኮምፒውተሩ ከስር የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ያ ሁሉ ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ዛሬም የድሮ ፋይል ይዞ እንደዚህ የሚገጥመው ሰው አለ፤ ፋይሉ አልተበላሸም፣ የተጻፈበት ፎንት ሲጫን ይነበባል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። ሀ የራሱ ቁጥር አለው፣ ሁ የራሱ፣ ሂ የራሱ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ደግሞ የአማርኛ ፎንትም ኪቦርድም አብሮ ይመጣል። ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግስ ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ» ግቡና አማርኛን ጨምሩ። ከእንግሊዝኛው ጋር የምትቀያይሩት የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስን በመጫን ነው። ካልተመቻችሁ ኬይማን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብላችሁ በተራ ስትነኩ «ሰላም» ብሎ ይጽፍላችኋል። ቴሌግራም ላይ፣ ኢሜይል ላይ፣ የፋይሉ ስም ላይ ሳይቀር በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ።

ሌላ ቦታ ልታሳትሙት ከሆነ ደግሞ «ሴቭ አዝ» በሉና ፒዲኤፍ ምረጡ። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ይዞ ስለሚሄድ መስመሩም ገጹም ቤታችሁ ባያችሁት መልክ ይወጣል። ዎርዱንም አብራችሁ ያዙት፤ አንድ ስም ተሳስቶ ከተገኘ እዚያው ቆማችሁ የምታርሙት እሱን ነው።