«ፖስቱሎ»፦ ልመናም ትእዛዝም ያልሆነ ጥያቄ

ላቲን ለመጠየቅ ብዙ ግሶች አሉት። የጥንት ሰዋስው ሊቃውንት ሦስቱን እንዲህ ይለያሉ፦ «ፔቶ» በልመና፣ «ፖስኮ» በትእዛዝ፣ «ፖስቱሎ» በመብት መጠየቅ ነው። ጸሐፊዎቹ ልዩነቱን ሁሌ አልጠበቁትም እንጂ የግሱን ጠባይ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። «ፖስቱሎ» የሚል ሰው አይለማመጥም፤ ይገባኛል ባይ ነው።

ዋና ቤቱ ፍርድ ቤት ነው። የሮም የሕግ ሊቁ ኡልፒያን ሲተረጉመው፣ የራስን ወይም የወዳጅን አቤቱታ ዳኝነት ባለው ሹም ፊት ማቅረብ፣ ወይም የሌላውን አቤቱታ መቃወም ነው ይላል። ሹሙ ብዙውን ጊዜ ፕሬቶር፣ ማለትም ዳኝነት የተሰጠው የሮም ባለሥልጣን ነው። አቤት ማለት ግን ለሁሉም አልተፈቀደም። ከ17 ዓመት በታች የሆነ ጭራሽ አይችልም። ሴቶች ለራሳቸው እንጂ ለሌላ ሰው መቆም ተከልክለዋል። ኡልፒያን ነገሩን ካርፋንያ በምትባል ሴት ያሳብባል፤ ያለ ዕፍረት እየተሟገተች ፕሬቶሩን አሰልችታዋለች አሉ። አንዲት ሴት ዳኛ አሰለቸች ተብሎ የሁሉም አፍ ሲዘጋ፣ ምክንያት ሳይሆን ሰበብ ነው የሚመስለው። ሁለቱም ዓይኖቹ የጠፉ ሰውም ለሌላው መሟገት አይችልም። ፑብሊልዩስ የተባለ ዓይነ ስውር ሊናገር ሲቀርብ፣ ፕሬቶሩ ብሩተስ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠው። የተሰጠው ምክንያት ዓይነ ስውር የዳኛውን የሹመት ምልክት አይቶ ሊያከብር አይችልም የሚል ነው።

ይኸው ግስ መክሰስም ይሆናል። ሰውን «ዴ አምቢቱ» ፖስቱላሬ (የዚሁ ግስ ሌላ መልክ) ማድረግ፣ በምርጫ ጉቦ መክሰስ ማለት ነው።

ከሮም ፍርድ ቤት ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተሻገረ። ገዳም ለመግባት ጠይቆ የሚጠባበቅ ሰው ፖስቱላንት፣ የአንድን ሰው የቅድስና ጉዳይ ይዞ የሚከታተል ደግሞ ፖስቱላቶር ይባላል። መራጮች እንቅፋት ያለበትን ሰው ለሹመት ሲፈልጉም፣ እንቅፋቱ እንዲነሳለት የበላዩን ይጠይቃሉ። ይህ ፖስቱላሲዮ ነው፤ በ1983 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕገ ቀኖና ቢያንስ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቅበታል።

በጂኦሜትሪ የግሪኩ ኤውክሊድ አምስት ነገሮችን ያለ ማረጋገጫ ተቀበሉኝ ብሎ ይጀምራል። እነዚህ በላቲን «ፖስቱላታ» ተባሉ። አራቱ ብዙም አላጨቃጨቁም። በአምስተኛው ግን፣ ማለትም በትይዩ መስመሮቹ ጥያቄ፣ ሰው ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ራሱን አዞረ። ከሌሎቹ አራት ተነሥተው ሊያረጋግጡት ሞክረው አቃታቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሒሳብ ሊቃውንቱ ሎባቼቭስኪና ቦያይ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ አምስተኛውን ትተው ሌላ ጂኦሜትሪ ሠሩ።