መኪና ያዋሰ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ጥር ጎንደር ላይ የሰርግ ወር ነው። ጥምቀት አልፎ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ከገቡ በኋላ መኪና ያለው ሰው ስልኩ አያርፍም። «ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ሙሽራውን ላጅብበት።» እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ቁልፉ ይሰጣል። ማታ ከአዘዞ ሲመለስ አንድ ሰው ሲገጭ ግን የተለመደው ክርክር ይነሳል።

«የነዳው ይጠየቅ፣ እኔ ቤቴ ነበርኩ።»
ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። «ጥፋት የለብኝም» ማለት አያድንም። ባለቤቱን የሚያድነው መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው። በእጁ ያቀበለው ቁልፍ ደግሞ ስርቆት አይባልም። ተጎጂው ራሱ ካጠፋ ኃላፊነቱ ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሕጉ ይከብዳል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ። እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል የተኛ ሰው የማያውቀውን ሾፌር ፍለጋ አይንከራተትም፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን ሰው ይጠይቃል።

«እንግዲያው ተዋሹ ነፃ ነው።»
አይደለም። ጥፋት ካለበት እሱም ካሳ ይከፍላል፣ ባለቤቱም የከፈለውን ከእሱ ሊጠይቅ ይችላል። ወንጀሉ ደግሞ የነጂው ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ያስቀጣል። በሰርጉ አረቄ ራሱን ስቶ ነድቶ ሰው ከገደለ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊሆን ይችላል።

«የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለኝ፣ ሁሉንም ይችላል።»
መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት የምትከፍለው በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት ነው። የራስ መኪና በር ተጨራምቶ መብራቱ ከረገፈ አትነካውም። ለተጎጂው የምትከፍለውም ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከኪስ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ያለውም ቢሆን ውሉን ያንብብ፤ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ከነዳው ብዙ ጊዜ አይከፍልም። ስለዚህ ቁልፉን ከመስጠት በፊት «እስቲ መንጃ ፈቃድህን ልየው» ማለት ነውር አይደለም። የወንድም ልጅም ቢሆን።

«ሁለት መኪና ከተጋጨ ሁሉም የራሱን ያሠራል።»
ሕጉ እንዲያ አይልም። ጥፋቱ በዋናነት የአንዱ ሾፌር መሆኑ ካልተረጋገጠ ጠቅላላው ጉዳት ለሁለት ይካፈላል። የአንዱ ጉዳት 60,000 ብር፣ የሌላው 20,000 ብር ከሆነ ድምሩ 80,000 ነው፤ እያንዳንዱ ባለቤት 40,000 ይሸከማል። መኪናው ብዙም ያልተጎዳው ሰው ለሌላው 20,000 ብር ይጨምራል ማለት ነው።

«ሽማግሌ ካስታረቀን አለቀ።»
ካሳውን በሽምግልና መጨረስ ይቻላል፣ ደግሞም ያምራል። በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለቱም ወገን ይፈርም። ሰው ከሞተ ግን የወንጀሉን ክስ ዓቃቤ ሕግ ይዞታል፣ በእርቅ አይዘጋም። ኢንሹራንሱ ሳያውቅ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብሎ መፈረምም መዘዝ አለው፤ አብዛኞቹ የመድን ውሎች ይከለክሉታል። ለተጎጂ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር ልንገር፦ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽምግልናው ከእሁድ እሁድ እየተቀጠረ ያ ቀን እንዳያልፍባችሁ።