የለቅሶ ቤት ሥርዓት፦ የኦርቶዶክስ ምእመናን በሐዘን እንዴት ይጽናናሉ?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ሐዘን የራሱ ቀናት አሉት። ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ እየተባለ ይቆጠራል። ከዚያ መንፈቅና ሙት ዓመት ይከተላሉ። በእነዚህ ቀናት ስለ ሟች ነፍስ ይጸለያል። ለቀሪው ቤተሰብም ትልቅ ነገር ናቸው። ሐዘንተኛው "ሰው ሁሉ ረሳን" ማለት ሲጀምር ዘመድ ጎረቤቱ እንደገና ተሰብስቦ ይመጣል።

ነገሩ የሚጀምረው በመርዶ ነው። ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ተጠራርተው፣ ብዙ ጊዜ ገና ሳይነጋ፣ በር ያንኳኳሉ። ሰው ብቻውን እያለ መርዶ አይነገረውም። በውጭ አገር ያሉትም ይህን ለመጠበቅ ይሞክራሉ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ልጅ ወላጁ ሲሞትበት፣ አገር ቤት ያሉት ቀድመው የሚደውሉት ለጓደኞቹ ነው። አንዳንዴ ግን ፌስቡክ ይቀድማቸዋል።

ቀብሩ በመጽሐፈ ግንዘት ሥርዓት ይፈጸማል። ዳዊት ይደገማል፣ ዕጣን ይታጠናል። በጥንቱ ልማድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መንገድ ላይ ሰባት ጊዜ እየቆሙ ይጸልያሉ። በሰሙነ ሕማማት ግን ፍትሐት፣ ማለትም ሟች ከኃጢአቱ እንዲፈታ የሚደረሰው ጸሎት፣ የለም። ስለዚህ በሆሳዕና ዕለት ጸሎተ ፍትሐቱ ለምእመናኑ ሁሉ አስቀድሞ ይደረሳል። በዚያ ሳምንት የሚሞት ሰው ሳይፈታ እንዳይቀር ነው። በቁም ያለ ሰው የራሱን ፍትሐት ቆሞ ይሰማል። ከሥርዓቱ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ከቀብር መልስ ሁሉም ወደ ድንኳኑ ይመጣል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የዕድር ነው። ሐዘንተኛው ፍራሽ ላይ ይቀመጣል። ንፍሮ ይቀርባል፤ ጎረቤት ምግብ ሠርቶ ያመጣል። የሚባለው ነገር ጥቂት ነው፦ "እግዜር ያጥናችሁ"፣ "ነፍስ ይማር"። ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት ተቀምጠዋል፤ ነገር ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ማታ ማታ ካርታ የሚጫወቱ አሉ፤ የሚነቅፏቸውም አይጠፉም። ቢሆንም ቤቱ ባዶ አይሆንም።

ካህናት ሲያጽናኑ አዘውትረው የሚያነሡት ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውን ነው፦ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳታዝኑ። ጭራሽ አትዘኑ አላለም። ጌታም አልዓዛርን ሊያስነሣው ሄዶ ሳለ አልቅሷል። ስለዚህ እንባ ነውር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የምትገሥጸው ፊት መንጨቱንና ደረት መድቃቱን ነው።

ተዝካር ብዙ ያነጋግራል። ዓላማው ስለ ሟች መጸለይና ድሃ ማብላት ነው። ግን ለአርባው ድግስ ተበድሮ ዕዳ ውስጥ የሚገባ ቤተሰብ አለ። ይህን ራሳቸው ሰባኪዎቹም ይቃወማሉ፤ እውነታቸውን ነው። የይሉኝታ ድግስ ሐዘንተኛውን ያደክመዋል እንጂ አያጽናናውም።

ከሁሉ የሚከብደው አስከሬን የሌለበት ሐዘን ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አካባቢ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሞቱ። በወቅቱ ለቤተሰቦች የተሰጣቸው ከአደጋው ቦታ የተዛቀ አፈር ነበር። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለኢትዮጵያውያኑ ሟቾች ባንዲራ የለበሱ 17 ሳጥኖች ቀረቡ። አስከሬን አልነበረባቸውም። ቤተሰቡ ግን ቆሞ የሚያለቅስበት ሳጥን፣ የሚሸኝበት ጸሎት አገኘ።

ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ፍትሐትም ተዝካርም የላቸውም። በለቅሶ ቤታቸው መዝሙርና ስብከት ይሰማል፤ የትንሣኤ ተስፋ ይነገራል። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ዕድር አቋቁመዋል። በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ግን ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ ያዋጣል፤ ድንኳኑም ለሁሉም ያው ነው።