ትንሽ አውሮፕላን ለትርፍ ጊዜ ማብረር፦ ባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ

«ፓይለት» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ዩኒፎርም ለብሶ ቦይንግ የሚያበርረውን ካፒቴን ነው። በሌላው ዓለም ግን ማብረር ለብዙ ሰው ሥራ አይደለም። ሐኪሙ፣ ነጋዴው፣ መምህሩ በእረፍት ቀኑ ሁለት ወይም አራት መቀመጫ ያላት አውሮፕላን ያስነሳል፣ አንድ ሁለት ሰዓት ይበርራል፣ ከዚያ ቤቱ ይገባል። በኢትዮጵያ ይህ ልማድ ገና ሥር አልሰደደም። የባሕር ዳር ልጅ ማብረር አምሮት ሰው ቢያማክር መጀመሪያ የሚሰማው «አየር መንገድ ተመዝገብ» የሚል ምክር ነው። ለደስታው ብቻ መማር የሚባል ነገር እንዳለ የሚነግረው ጥቂት ነው።

አውሮፕላን ወደ አገራችን የገባው ግን በትንሹ ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለች ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ከጅቡቲ አስነስቶ አዲስ አበባ አሳረፈ። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ደግሞ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ውስጥ «ፀሐይ» የተባለች ቀላል አውሮፕላን ተሠራች። ጣሊያኖች ወሰዷት፤ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። በቅርብ ዓመታትም አስመላሽ ዘፈሩ የሚባል ሰው ከአሮጌ ዕቃና ከሱዙኪ ሞተር በገዛ እጁ ኬ-570ኤ የተባለች አውሮፕላን ሠርቶ ብዙ ሰው አስገርሟል። ፍላጎቱ እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

የባሕር ዳር አየር

የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በቀድሞ ስሙ ግንቦት 20፣ ከከተማው በስተምዕራብ ይገኛል። ማኮብኮቢያው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። እንደ ሴስና 172 ላለች ባለ አራት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ይህ የትየለሌ ነው። ጀማሪ ከማኮብኮቢያው ርዝመት ይልቅ ማሰብ ያለበት ስለ ከፍታው ነው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 1,820 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል።

ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ቴርሞሜትሩ 28 ዲግሪ ባሳየ ቀን ባሕር ዳር ያለችው አውሮፕላን የምትነሳበት አየር በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ መደበኛ አየር ጋር የሚመጣጠን ነው። አብራሪዎች ይህን «ዴንሲቲ አልቲትዩድ» ይሉታል። ተርቦቻርጀር (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ አየር ውስጥ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ያንሰዋል፤ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ አውሮፕላኗ መሬት ላይ ረጅም ትሮጣለች፤ ተነስታም ቀስ እያለች ነው የምትወጣው። በባሕር ጠለል ደረጃ የተማረ ሰው እዚህ መጥቶ እንደለመደው አፍንጫዋን ሽቅብ ቢያስይዛት ፍጥነቷ ይሞታል፤ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በጠዋት መነሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ከበረራ በፊት ሒሳቡን በወረቀት መሥራት። ሁለት ደንዳና ጓደኛ ጭኖ፣ ታንከር ሞልቶ፣ ሰባት ሰዓት ላይ መነሳት የሚያምረው ሰው ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ይሥራ።

ነዳጁም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የድሮዎቹ ትንንሽ ሞተሮች አቭጋዝ የተባለ ልዩ ቤንዚን ነው የሚጠጡት። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይህን ማግኘት ከባድ ነው። ለዚህ ነው በዲዝል ሞተር የምትሠራውና ትልልቆቹ ጄቶች የሚቀዱትን ጄት ኤ-1 የምትጠቀመው ዳይመንድ ዲኤ40ኤንጂ ተፈላጊ የሆነችው። ተርቦቻርጀር ስላላትም ለደጋ አገር ትስማማለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለተማሪዎቹ የገዛው ይህችኑ ዓይነት ነው። በእኔ አስተያየት አንድ ቀን ጣና ዳር የበረራ ክለብ ቢቋቋም መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ምን አውሮፕላን?» ሳይሆን «ምን ነዳጅ?» የሚል ነው።

ውሃው፣ ተራራውና ወፉ

በዓይን እያዩ ለሚበርር ሰው የጣና ዙሪያ የተዘረጋ ካርታ ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን አፍ ይዞ በምሥራቁ ዳርቻ ሽቅብ ቢሄድ ቆራጣን፣ የጉማራንና የርብን ወንዞች፣ የፎገራን ሜዳ ያገኛል። በሰሜን ጎርጎራ አለች። በምዕራቡ በኩል ሲመለስ ግልገል ዓባይ የሚገባበትን ያያል፤ ከዚያ የዘጌን ደን፣ ከዚያ ከተማውን። መንገድ መሳት ከባድ ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴም ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የተንሰራፋውን የእንቦጭ አረም ስፋት ለመረዳትም ከላይ ማየትን የሚያህል የለም።

ሐይቁን በመሐል መሰንጠቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጣና በርዝመቱ 84፣ በስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሴስና 172 ሞተሯ ቢጠፋ ከፍታዋን ዘጠኝ እጥፍ ያህል ርቀት ተንሳፋ መሄድ ትችላለች። ከውሃው በላይ 1,500 ሜትር ላይ ከሆነች 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። መሐል ሐይቅ ላይ ይህ ዳር አያደርስም። ስለዚህ ባለ አንድ ሞተር አብራሪ ዳርቻውን ይዞ ይዞራል፤ አለዚያም የደቅ ደሴትን ሜዳ በዓይኑ ይዞ ይቆያል። የሕይወት ጃኬት በኮክፒቱ ውስጥ ጌጥ አይደለም። ሌላም አደጋ አለ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ውሃው መስታወት ይሆናል። ሰማዩና ውሃው ይቀላቀላሉ፤ ዓይን ከፍታን መገመት ያቅተዋል። ያኔ ማመን ያለብን የከፍታ መለኪያውን፣ አልቲሜትሩን ነው።

በምሥራቅ ጉና፣ በደቡብ ጮቄ 4,100 ሜትር አካባቢ ይደርሳሉ። ሴስና 172 ልትወጣ የምትችልበት የመጨረሻ ከፍታም እዚያው ግድም ነው። ሊዘሏቸው የሚሞክሩ ተራሮች አይደሉም፤ የሚዞሯቸው ናቸው።

ስለ ወፍ ሲነሳ የባሕር ዳር ሰው የሚያስታውሰው ነገር አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አስመራ ለመብረር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ወፎቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አውሮፕላኑ ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ጠፉ፤ ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ በሆዱ ወደቀ፤ ተቃጠለም። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ፕሮፔለር ያላት ትንሽ አውሮፕላን እንደ ጄት ሞተር ወፍ አትውጥም። የፊት መስታወቷ ግን ስስ ነው፤ አንድ ጥንብ አንሳ ሰብሮ ሊገባ ይችላል። ጣና ደግሞ የወፍ አገር ነው። ፔሊካኑ፣ ጭልፊቱ፣ በበጋ ከአውሮፓ የሚመጣው ክሬን የተባለ ባለ ረጅም እግር ወፍ ሁሉ እዚህ ነው። ጥንብ አንሳዎች መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ነው ከፍ የሚሉት። ይህም ሌላ የጠዋት በረራ ምክንያት ነው።

የአየር ጠባዩ እንደሚጠበቀው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አለ። ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ማታ ይገለበጣል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ለተማሪ ምርጡ ነው።

ፈቃዱ እንዴት ይገኛል?

ለመዝናኛ የሚያበርር ሰው የሚያወጣው የግል አብራሪ ፈቃድ ነው። የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ዓለም አቀፉ መመዘኛ ዕድሜ ቢያንስ 17 ዓመት፣ የጤና ምርመራ፣ የጽሑፍ ፈተናና የበረራ ፈተና ይጠይቃል። ዝቅተኛው የበረራ ጊዜ 40 ሰዓት ነው፤ በጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት ከሆነ 35 ይበቃል። በተግባር አብዛኛው ተማሪ ከዚህ በላይ ይፈጅበታል፤ በተለይ ትምህርቱን የሚያቆራርጥ ሰው። ገንዘብ አጠራቅሞ ተከታትሎ መጨረስ በየወሩ አንድ ሰዓት ከመብረር ይረክሳል። የረሳኸውን ለማስታወስ ደግመህ ስለማትከፍል።

መጀመሪያ ከኢንስትራክተር ጋር ቀጥ ብሎ መብረር፣ መታጠፍ፣ መውጣትና መውረድ ይመጣል። ቀጥሎ ማኮብኮቢያውን እየዞሩ መነሳትና ማረፍ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሰለቸው። ደጋግሞ ያርፋል፤ ደጋግሞ ይነጥራል። አንድ ቀን ኢንስትራክተሩ ሳያስጠነቅቅ በሩን ከፍቶ ይወርድና «ብቻህን ዙር» ይላል። ይህ «ሶሎ» ነው። አውሮፕላኗ አንድ ሰው ስለቀነሰች ቶሎ ብላ ትነሳለች፤ ብዙ ተማሪ የሚደነግጠው በዚህ ነው። ሲመለስ በብዙ ትምህርት ቤቶች ውሃ ይደፉበታል።

ከሶሎው ሰዓት ውስጥ አንድ ረጅም ጉዞ የግድ ነው፦ ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር፣ በሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች ላይ እያረፉ። ባሕር ዳር ላይ ቢሰላ ያምራል። ጎንደር ደርሶ መመለስ በአየር መስመር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አይሞላም። ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር ላሊበላ፣ ከላሊበላ ባሕር ዳር ግን 460 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በመኪና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ለሄደበት ሰው መንገር አያስፈልግም። የላሊበላው ጫፍ ተራራማ ስለሆነ ኢንስትራክተሩ መስመሩን ሳያይ ለብቻ አይለቅም።

ሬዲዮውም ትምህርት ነው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቢያንስ ደረጃ 4 የቋንቋ ብቃት ይጠየቃል። ማረፊያውን የመንገደኛና የጦር አውሮፕላኖች ስለሚጋሩት የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው (ታወሩ) ያለውን በትክክል መድገም ቀልድ አይደለም።

ትምህርቱን የሚፈልግ የጣና ዳር ሰው ዓይኑን ወደ አዲስ አበባ ማድረጉ አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ አለ፤ ዓላማው ግን የአየር መንገድ አብራሪ ማፍራት ነው። አቢሲኒያን የበረራ አገልግሎትም የአቪዬሽን አካዳሚ አለው። ሆኖም ጓዝ ከመጠቅለሉ በፊት ቤት ሆኖ የሚሠራ ብዙ አለ። የአየር ሕግ፣ የአየር ጠባይ፣ ናቪጌሽንና የበረራ መርሕ ከመጽሐፍ ይጠናሉ። ኮምፒውተር ላይ ያለ ሲሙሌተር ቼክሊስትና ሬዲዮ ያለማምዳል፤ የማረፍን ስሜት ግን አያስተምርም። የጤና ምርመራውን ደግሞ አንድ ብር ለበረራ ሳይከፍሉ ቀድሞ መጨረስ ብልህነት ነው። ዓይኑ ወይም ልቡ እንደማያሳልፈው ግማሽ መንገድ ሄዶ ያወቀ ሰው ያሳዝናል።

የግል ፈቃድ ያለው ሰው ጓደኞቹን መጫን ይችላል፤ ክፍያ መቀበል ግን አይችልም። ቱሪስት ጭኖ ጢስ ዓባይን አሳይቶ ገንዘብ ለመውሰድ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። እሱ ዕድሜ 18 እና በመደበኛው መንገድ 200 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ ድርጅቱም ለብቻው ፈቃድ ማውጣት አለበት።