ቃሪያ ስንግ በአዳማ የድግስ ጠረጴዛ

ቃሪያ ስንግ አንድ ጎኑ በቁመቱ ተሰንጥቆ ፍሬው የወጣለት፣ በደቀቀ ቀይ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በሎሚ የተሞላ ጥሬ ቃሪያ ነው። እሳት አይነካውም። «ሰነገ» የሚለው ግስ ጠበቅ አድርጎ መያዝንም ያመለክታል፤ «አንገቱን ሰንጎ ያዘው» እንደሚባለው። ደህና የተሠራ ስንግም እንደዚያው ነው፤ ሆዱ ሳይፈነዳ፣ ከንፈሩ ሳይላቀቅ የተሞላውን ጨብጦ ይይዛል።

በብዙ ምግብ ቤት ቦታው የጾም በያይነቱ ጠርዝ ነው። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ መሃሉን ከያዙ በኋላ አንድ ቃሪያ ዳር ላይ ጋደም ይደረጋል። እንደ ጌጥ ቆጥሮት ሳይነካው የሚነሣ ተመጋቢ አለ፤ ይህ ለስንግ የሚገባው ክብር አይደለም። በሁለት ጉርሻ የሚያልቅ፣ ሹካ የማይፈልግና የሚጾመውንም የማይጾመውንም የሚያስተናግድ ነገር ለልደት፣ ለምርቃት ወይም ለማኅበር ድግስ መክፈቻ ሆን ተብሎ የታሰበ ይመስላል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በምትገኘው በአዳማ ሙቀት ደግሞ ከምድጃ ፊት መቆምን አለመጠየቁ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ይህ አሠራር ባሕር ማዶ ዘመድ አለው። አሜሪካውያን ለድግስ የሚያዘጋጁት ሃላፔኞ የተባለው ቃሪያ፣ ስሙን በሜክሲኮ ከምትገኘው የሃላፓ ከተማ ያገኘ፣ አጠር ብሎ ወፍራም ሥጋ ያለው ነው። ለሁለት ይሰነጠቅና ለስላሳ የክሬም አይብ ቼዳር ከተባለው ጠንካራ የፈረንጅ አይብ ጋር ተደባልቆ ይሞላበታል፤ ከዚያ ቤከን፣ ማለትም በጨው ታሽቶ የታጠነ የአሳማ ሥጋ፣ በስሱ ተቆርጦ ይጠቀለልበታል። በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ኦቨን ውስጥ ይቆያል። ቤከኑ ስብ እያንጠባጠበ ራሱን ይጠብሳል፣ አይቡም ይቀልጣል። እኛ በጥሬው የምንበላውን እነርሱ በስብ ያስሩታል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ የሚያቃጥልን ነገር ሳይገድሉት እንዴት ይገሩታል?

የአዳማ ሰው ለዚህ ምግብ ሩቅ አይሄድም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ከተማ በአትክልት መሬት የተከበበች ናት። በቆቃ፣ በመቂና በባቱ ዙሪያ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ወደ ገበያዋ ይገባል። ከከተማዋ አቅራቢያ ያለው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ለአገሪቱ ገበሬዎች ካበረከታቸው የሽንኩርት ዝርያዎች አንዱ «አዳማ ቀይ» ይባላል። በስንጉ ሆድ ውስጥ ያለው ሽንኩርት የከተማዋን ስም የያዘ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ይህን ለእንግዳ መንገር ከምግቡ እኩል ያስደስታል። በሰፊው ከሚታወቁት የበርበሬ ዝርያዎች መካከል ደግሞ «ማረቆ ፋና» ስሙን ከማረቆ ወስዷል፤ ዛላው ሲደርቅ ጠቆር ያለ ቀይ በርበሬ ይወጣዋል።

ቃሪያና በርበሬ ለየብቻ ቢጠሩም ልዩነቱ በብዛት የዕድሜ ነው። አረንጓዴውን ለጋ ዛላ ቃሪያ፣ በስሎና ቀልቶ የደረቀውን በርበሬ እንለዋለን። ሁለቱም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 አትላንቲክን ከማቋረጡ በፊት በኢትዮጵያ ማንም ቃሪያ አልቀመሰም። ይህን በወጥ ፊት ተቀምጦ ማመን ይከብዳል።

ገበያ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ያቃጥላል?» የሚለው ነው። የሻጭ መልስ እንደ ገዢው ፊት ይለዋወጣልና ብዙም አይታመንም። ለስንግ የሚሆነው ቀጥ ያለ፣ ወፈር ያለ ሥጋ ያለው፣ ቆዳው የጠነከረና የሚያብለጨልጭ፣ ዘንጉ ያልወለቀ ቃሪያ ነው። የተጣመመው ሲሰነጠቅ ወደ ጎን ይሸሻል፤ የጠወለገው ደግሞ ተሞልቶ ገና ሳይቀርብ ይተኛል። ውኃ ያጠረውና ፀሐይ የበዛበት ተክል አብዛኛውን ጊዜ የሚያቃጥል ዛላ ያፈራል። ስለዚህ አንድ ገዝቶ ጫፉን ቆርጦ መቅመስ ከማንኛውም ቃል ይሻላል፤ ይሁንና ጫፉ የዛላው ለስላሳ ክፍል ስለሆነ ወደ ዘንጉ ጠጋ ያለውንም መቅመስ ያስፈልጋል። ካላቃጠለ ቀሪው ይገዛል፤ ያም ሆኖ ከአንድ ተክል የተለቀሙ ሁለት ቃሪያዎች እንኳ እኩል አያቃጥሉም።

የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ዊልበር ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1912 መለኪያ አበጀለት፤ ሃላፔኞ በዚህ መለኪያ ከ2,500 እስከ 8,000 ይደርሳል፣ ጣፋጩ የፈረንጅ ቃሪያ ግን ዜሮ ነው። ካፕሳይሲን ምላሳችን ላይ የሚነካው የነርቭ ተቀባይ ከ43 ዲግሪ ገደማ በላይ ያለ ትኩሳትን የሚያሳውቀውን ራሱን ነው፤ ቃሪያ ሲበላ «ተቃጠልኩ» ማለታችን ለነርቭ እውነት ነው። ይህን ተቀባይ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሌላ ተመራማሪ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ለጓዳ የሚጠቅመው እውቀት ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ፍሬው ነው ብሎ ያምናል። ካፕሳይሲን የሚመረተው ፍሬዎቹ በተያያዙበት ነጭ ጅማት ውስጥ ነው፤ ፍሬዎቹ የሚያቃጥሉት በመነካካት ነው። ፍሬውን አራግፎ ጅማቱን የተወ ሰው ሥራውን ግማሽ ላይ አቁሟል። ቃሪያው ከዘንጉ በታች ጀምሮ እስከ ጫፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ጎን ብቻ ይሰነጠቃል። ጅማቱ በሻይ ማንኪያ እጀታ ወይም በቀጭን ቢላ ተፍቆ ይወጣል፤ ዘንጉ ይቀመጣል፣ እንግዳው የሚይዘው በእርሱ ነውና። ጓንት የሌለው እጁን ዘይት ይቀባና ሲጨርስ በሳሙና ይታጠባል፤ ካፕሳይሲን በውኃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሟ ነው። ዓይኑን የሚያሽ ሕፃን ባለበት ቤት ይህን መዘንጋት የድግሱን ቀን ያበላሻል።

ለ10 ቃሪያ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ጠንከር ያለ ቲማቲም፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ጨው ይበቃል። ሽንኩርቱ በጣም ደቆ ይከተፋል፣ በጥቂት ጨው ታሽቶ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፣ ከዚያም ይጨመቃል። ይህን የሚዘልሉት የሚያገኙት እንባ የሚያስወጣና ቀኑን ሙሉ ከአፍ የማይወጣ ሽንኩርት ነው። የቲማቲሙ ውኃና ፍሬ ተጠርጎ ሥጋው ብቻ ይገባል። ሎሚው ያኮመጥጣል፤ ዘይቱ ደግሞ ለማብረቅረቅ ብቻ የገባ አይደለም፣ የተረፈውን ካፕሳይሲን ያለዝባል። ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ ወይም ጥቂት ሰናፍጭ የሚጨምሩ አሉ፤ በሎሚ ፋንታ አቼቶ የሚጠቀሙም እንዲሁ። ለእኔ አቼቶው ሽንኩርቱን ያሸንፈዋል።

ድግሱ የፍስክ ቀን ላይ ከዋለ የሙሌቱ ነገር ይሰፋል። አይብ ተጠፍጥፎ ውኃው ከወጣለት በኋላ በጥቂት ንጥር ቅቤና ጨው ታሽቶ ይሞላል፤ ወተት ነክ ነገር ካፕሳይሲንን ስለሚይዘው ይህ ስንግ ለልጆችም ይቀልላቸዋል።

በቤከን የተጠቀለለው የአሜሪካኑ ዓይነት ግን በአዳማ ቤቶች እንዳለ ሊገባ አይችልም። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ የሚጋበዘው ሰው ብዛት ሁለቱንም ያቀላቅላል። መፍትሔው ሥጋ ቤት አለ። ለዝልዝል ጥብስ ሥጋን ሳይበጥሱ ረጅምና ስስ አድርጎ የመዘልዘል ጥበብ በአገራችን የቆየ ነው፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ይስማማል። ሥጋ ሻጩን ጣት የሚሆን ስፋት፣ እንደ ብር ኖት የሳሳ አድርጎ እንዲዘለዝለው መጠየቅ ነው። ቃሪያው ሙሉ ሆኖ ወይም ለሁለት ተከፍሎ በአይብ ይሞላል፣ ዝልዝሉ ዙሪያውን ይጠመጠማል፣ ጫፉ በስቴኪኒ ይያዛል። ስቴኪኒው እንዳያር ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይቆያል። ቤከን የራሱ ስብ አለው፤ ቀይ የበሬ ሥጋ የለውምና ሁለት ጊዜ ንጥር ቅቤ ይቀባል፣ አለዚያ ጫማ ይሆናል። ሙቀቱ ያው 200 ዲግሪ ነው፤ ኦቨን የሌለው በመጥበሻ ላይ ከድኖ እያገላበጠ ያበስለዋል።

እዚህ ላይ የእኛ አይብ ከፈረንጁ ይበልጣል ብል ወገንተኛ አልባልም። ቼዳርና ሞዛሬላ ሲሞቁ ይቀልጣሉ፤ ስንጥቁ ሰፋ ካለ ወደ ትሪው ወርደው ያርራሉ። አይብ ግን ረግቶ የተሠራው በአሲድ ኃይል ስለሆነ አይቀልጥም። ሥጋው እስኪበስል በቦታው ይጠብቃል።

ጥሬው ስንግ ከእንግዳው መምጫ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ መሞላት የለበትም፤ ጨው ከሽንኩርቱም ከቲማቲሙም ውኃ ያወጣል፣ ቃሪያውም ረጥቦ ይልፈሰፈሳል። የተሰነጠቀው ቃሪያና የተከተፈው ሽንኩርት ግን ጠዋት ተዘጋጅተው፣ ለየብቻ ተከድነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። ሲቀርቡ ስንጥቁ ወደ ላይ፣ ዘንጉ ወደ ትሪው ውጭ ይሁን። የጾሙና የፍስኩ በአንድ ትሪ አይቀላቀሉም፤ ዓርብ ለሚጾም ሰው ቅቤ የነካው ስንግ ከሌላው ጋር ተነካክቶ ቢቀርብለት እጁን ይሰበስባል።

የቱንም ያህል ቢመረጥ ከትሪው ውስጥ አንዱ ያቃጥላል። ለሚደርስበት ሰው ውኃ የሚያቀርቡ ቸኩለዋል፤ ውኃ ካፕሳይሲኑን ከማጠብ ይልቅ በአፍ ዙሪያ ያሰራጨዋል። በፍስክ ቀን ቀዝቃዛ ወተት ወይም እርጎ፣ በጾም ቀን ደግሞ ዘይት የነካው ዳቦ ይሰጠው።