የማንቲስ ኩብኩባዎችን ከተፈለፈሉበት ቀን ጀምሮ ማሳደግ

ማንቲስ የፊት እግሮቹን አጥፎ ሲቆም ጸሎት የሚያደርስ የሚመስል፣ ከአዳኝ ነፍሳት ወገን የሆነ ፍጥረት ነው። ወደ 2,400 የሚጠጉ ዝርያዎች ተለይተዋል። እንደ ቢራቢሮ አባጨጓሬ የሚሆንበት ዘመን የለውም፤ ከዕንቁላል የሚወጣው ክንፍ ያላበቀለ ግልገል ነው። መብረር ያልጀመረው የአንበጣ ልጅ እንደሚጠራበት ሁሉ እዚህም ኩብኩባ ብለነዋል። ኩብኩባው እንደ ዝርያውና እንደ ጾታው ከ6 እስከ 9 ጊዜ ያህል ቆዳ ቀይሮ ይጎለምሳል። በሰው እጅ ከሚፈለፈሉት ብዙዎቹ የሚያልቁት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ያም ሆኖ አያያዙን ላወቀ ሰው ማንቲስ እንደሚወራበት አስቸጋሪ አይደለም።

ሴቷ ዕንቁላሏን በአረፋ ውስጥ ትጥላለች፤ አረፋው ሲደርቅ ጠንካራ ከረጢት ይሆናል። ከትልቁ የቻይና ማንቲስ (ቴኖዴራ ሲነንሲስ) አንድ ከረጢት ከ100 እስከ 200፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወጣል። የቀዝቃዛ አገር ዝርያ የሆነው ማንቲስ ሬሊጂዮሳ ክረምቱን በብርድ ካላሳለፈ አይፈለፈልም፤ የሞቃት አገር ዝርያዎች ግን ብርድ አያስፈልጋቸውም፣ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይበቃቸዋል። ከረጢቱ መሬት ላይ አይጋደምም። በፊት እንደነበረው አቅጣጫ ይሰቀላል፤ ከሥሩም ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ባዶ ቦታ ይተውለታል። በማሳደጊያ ዕቃው ክዳን ላይ የሚወጠረው መረብ ቀዳዳው ከ1 ሚሊሜትር ሊሰፋ አይገባም። ከረጢቱ ላይ ክብ ክብ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከታዩ ዕንቁላሉን ፖዳግሪዮን የምትባል ጥገኛ ተርብ ቀድማ በልታዋለች ማለት ነው።

መፈልፈሉ በአብዛኛው ጠዋት ነው። ከከረጢቱ መሃል መስመር ጥቁር ዓይን ያለው ቢጫማ ትል መሰል ነገር ብቅ ይልና በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ በደቂቃዎች ውስጥ የመጀመሪያ ቆዳውን ጥሎ እግሮቹን ይዘረጋል። የተጣሉት ቆዳዎች ከከረጢቱ ሥር እንደ ነጭ ክር ጉንጉን ይቀራሉ። መፈልፈሉን ሳያዩ ያመለጣቸው ሰዎች የሚያውቁት በዚሁ ነው። ገላቸው እስኪጠነክር በመጀመሪያው ቀን አይነኩም።

ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ቀለብ ይጀምራሉ። ለዚህ ከማይበር የፍራፍሬ ዝንብ የተሻለ የለም፤ መጀመሪያ ትንሹ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር፣ ከሁለተኛው ቆዳ ቅየራ በኋላ ደግሞ ተለቅ ያለው ድሮሶፊላ ሃይዴይ ይሰጣል። ዝንቡ በ25 ዲግሪ ትውልድ ለመተካት ከ10 እስከ 14 ቀን ስለሚፈጅበት፣ ማርቢያው ከመፈልፈሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ብዙዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው፦ 150 አፍ ተከፍቶ ዝንቡ ገና ዕንቁላል ነው። ለዝንቡ ቀለብ የተፈጨ ሙዝ፣ የአጃ ዱቄት፣ ጥቂት እርሾና ሻጋታ የሚከለክል ትንሽ ኮምጣጤ ይበቃዋል። የዱር ዝንብ ሾልኮ ከገባና ከተዳቀለ ቀጣዩ ትውልድ ይበራል። ዝንቦቹን ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ያፈዛቸዋል፣ መቁጠርም ይቀላል፤ ለአንድ ኩብኩባ በቀን ከ2 እስከ 4 በቂ ነው። ሆዱ ጠፍጣፋ ከሆነ ርቦታል።

ውሃ የሚጠጡት ከጠብታ ነው። የዕቃው አንድ ግድግዳ ብቻ በቀን አንዴ በስሱ ይረጫል። ትልቅ ጠብታ ትንሹን ኩብኩባ አጣብቆ ይገድለዋል፤ አየር የማያስገባ ክዳን ደግሞ ሻጋታ ያመጣል።

ቆዳ ሊቀይር ሲል መብላት ያቆማል፣ ከጣሪያው ቁልቁል ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ የተረፈ ቀለብ ሁሉ ይወጣለታል። የዕቃው ከፍታ ከኩብኩባው ርዝመት ሦስት እጥፍ ካላነሰና ጣሪያው ለእግሩ መያዣ ካለው ተንሸራቶ ይወጣል። ለስላሳ ፕላስቲክ ጣሪያ ይጥለዋል፤ ደረቅ አየር ደግሞ እግሮቹን አሮጌው ቆዳ ውስጥ ያስቀራል። የተቆረጠ እግር በሚቀጥሉት ቅየራዎች ተመልሶ ያድጋል፣ ከመጨረሻው በኋላ ግን አይተካም።

ከመጀመሪያው ቀን ለየብቻ ይቀመጡ የሚሉ አሉ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቆዳቸውን እስኪቀይሩ አብረው ቢቆዩ ግን ይሻላል፤ 150 ብርጭቆ በየቀኑ ማርጠብ ማንንም ያታክታል። ከዚያ በኋላ ግን ይበላላሉ። ፊሎክራኒያ ፓራዶክሳ የተባለው የማንቲስ ዝርያ ግን በደንብ ከጠገበ አብሮ መኖርን ይታገሳል። ለቀለብ የሚሰጣቸው ፌንጣ ያሳምማቸዋል የሚባለው ምናልባት የፌንጣው የራሱ ቀለብ ተበላሽቶ ሳይሆን አይቀርም፤ ቆዳ በሚቀይር ማንቲስ አጠገብ የተረሳ ፌንጣ ግን እንደሚነክሰው አያከራክርም።

ጾታ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው እርከን (በሁለት ቆዳ ቅየራዎች መካከል ያለ የዕድገት ደረጃ) ጀምሮ በሆድ ሥር ቀለበቶች ይለያል፤ ሴቷ 6፣ ወንዱ 8 ናቸው። ክንፍ የሚወጣው በመጨረሻው ቅየራ ሲሆን፣ ተዘርግቶ እስኪደርቅ ማንቲሱ ለአንድ ቀን ሳይነካ ይቆያል።