ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ምንድን ነው?

ደሴ ዙሪያ ላም ለማዳቀል ሆርሞን ስትወጋ ያየ ገበሬ መጠየቁ አይቀርም፦ መርፌው የገባው ጭኗ ላይ ነው፤ ታዲያ ማህፀኗ በምን አወቀ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሆርሞን ከደም ጋር መላ አካሏን ያዳርሳል። የሚሠራው ግን ሪሴፕተር፣ ማለትም ተቀባይ ያለው ህዋስ ላይ ብቻ ነው። ባቲ ገበያ መሀል ቆሞ «ሰይድ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው። ሁሉም ይሰማል፤ ዞር የሚለው ግን ሰይድ የሚባለው ብቻ ነው።

ዞር የሚለው ህዋስ የትኛው እንደሆነ በዓይን የምናይበት ዘዴ ነው ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ።

የበግ ማህፀን እንውሰድ። ቁራጩ ሳይበላሽ ቶሎ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ፓራፊን በሚባል ሰም ውስጥ ይቀበርና ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ብቻ ውፍረት ኖሮት ይቆረጣል። ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያጣብቅ ተቀባዩ ይሸፈናል። ስለዚህ ቁራጩን በሲትሬት ውህድ ውስጥ ማፍላት ያስፈልጋል።

አሁን ፀረ እንግዳ አካሉ፣ ማለትም ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን፣ ይመጣል። ጥንቸል የኢስትሮጅን (የእንስት ሆርሞን) ተቀባይ ፕሮቲን ስትወጋ ሰውነቷ ባዕድ ነው ብሎ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ይህ ቁራጩ ላይ ሲደረግ ተቀባዩን ፈልጎ ይጣበቅበታል። ግን አይታይም። ስለዚህ የጥንቸሏን ፀረ እንግዳ አካል የሚይዝ ሁለተኛ፣ ለምሳሌ ከፍየል የተገኘ፣ ይጨመራል። እሱ የተሸከመው ኢንዛይም ቀለም ሲያገኝ ቦታውን ቡናማ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1941 አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ መንገዱን የጀመሩት በኢንዛይም ሳይሆን በሚያበራ ቀለም ነበር።

ማይክሮስኮፑ ስር የሚታየው ደስ ይላል። የኢስትሮጅን ተቀባይ የሚገኘው በዋናነት የህዋሱ እምብርት (ኒውክሊየስ) ውስጥ ስለሆነ፣ ቡናማ ነጠብጣቦች በሰማያዊ መደብ ላይ ተበትነው ይታያሉ። በጓ አውራ በምትፈልግበት ሰሞን የማህፀኗ እጢዎች በደንብ ይጠቁራሉ። እርግዝናን የሚደግፈው ሆርሞን ፕሮጄስትሮን ሲያይል ቡናማው እየሳሳ ይሄዳል። ማህፀኑን ፈጭተን ብንለካው ድምሩን እንጂ እጢው ይሁን ጡንቻው አናውቅም ነበር።

ተቀባይ አለ ማለት ግን ሆርሞኑ ይሠራል ማለት አይደለም። ኮርማ ከፈለገች 5 ቀን ያልሞላት ላም ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ሆርሞን ብትወጋ እንቁልጢዋ ላይ ያለው፣ ፕሮጄስትሮን የሚያመነጨው ቢጫ አካል አይከስምላትም፤ ተቀባዩ ግን እዚያው አለ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የፀረ እንግዳ አካሉ ታማኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ቤታ የተባለውን የኢስትሮጅን ተቀባይ ይይዛሉ የተባሉ 13 ፀረ እንግዳ አካላትን ሲፈትሽ በትክክል የያዘው አንዱ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ፀረ እንግዳ አካል ሳይጨምሩ መሞከር የሁለተኛውን ስህተት ያጋልጣል እንጂ የመጀመሪያውን አያጋልጥም። ለዚያ ተቀባዩ ጨርሶ የሌለበት ህብረ ህዋስ አብሮ መፈተን አለበት። በገበያ ያሉት አብዛኞቹ ደግሞ የተሠሩት ለሰውና ለአይጥ ነው። የወሎ በግ ላይ ከመጠቀማችን በፊት በበግ ህብረ ህዋስ መፈተናቸውን ማረጋገጥ የግድ ነው።